ጎማን ወደ ውጭ ማውጣት፦ ኦፍሴቱ ያነሰ ቸርኬ ወይስ ስፔሰር?

በአንድ ሂሉክስ ፒክአፕ ላይ ሁለቱንም አፈራርቄ ነድቻለሁ፤ መጀመሪያ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር (ቸርኬው በሚታሰርበት ሞዞና በቸርኬው መካከል የሚገባ ወፍራም ቀለበት)፣ በኋላ ደግሞ ኦፍሴቱ ከፋብሪካው ያነሰ ቸርኬ። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው በአንድ ቃል ብመልስ ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ ግን ጥያቄው ብዙውን ጊዜ አንድ ደረጃ ዘልሎ መምጣቱ ነው፤ ጎማው ስንት ሚሊ ሜትር መውጣት እንዳለበት ሳይለካ የማውጫው መንገድ ይመረጣል። እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነበር።

ለማያውቀው ሰው ኦፍሴት ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። ቸርኬውን በስፋቱ ለሁለት እኩል የሚከፍል መስመር በሐሳብ ብናሰምር፣ ሞዞው ላይ የሚያርፈው የቸርኬው ፊት ከዚያ መስመር የሚርቅበት ልክ ኦፍሴት ይባላል። ፊቱ ከመስመሩ ወደ ውጭ በኩል ከሆነ ቁጥሩ ፖዘቲቭ፣ ወደ ፍሬኑ በኩል ከሆነ ኔጌቲቭ፣ በመስመሩ ላይ ካረፈ ደግሞ ዜሮ ይሆናል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በቸርኬው ላይ «ኢቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይገኛል፤ ፊደላቱ የጀርመንኛ ቃል ምህጻር ናቸው። ቁጥሩ እያነሰ በሄደ መጠን ጎማው ከመኪናው አካል ወደ ውጭ እየወጣ ይሄዳል። የእኔ መኪና ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቸርኬ ዲያሜትሩ 17 ኢንች፣ ስፋቱ 7.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ፖዘቲቭ 30 ነው። በእሱ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ማስገባትና በምትኩ ስፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ ኦፍሴቱ ዜሮ የሆነ ቸርኬ መግጠም ጎማውን በትክክል አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ እውነታ ላይ የቆመ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጎማውን ከ265/65 ወደ 285/70 ሳሳድገው ነው (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ ነው)። የጎማው ዲያሜትር ከ776 ወደ 831 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ መኪናው 27 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አለ፤ እስከዚህ ድረስ የፈለግኩት ነበር። ነገር ግን መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ የፊት ጎማው የውስጥ ትከሻ ሻንሲውን መላስ ጀመረ፤ ከሻንሲው ላይም ቀለሙ ተልጦ አንጸባራቂ ብረት ታየ። ምን ያህል ክፍተት እንደሚጎድለኝ ሳልለካ፣ በገበያ ላይ የተለመደው ልክ 30 ነው ስለተባልኩ ብቻ 30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር አስገባሁ። በኋላ ካርቶን እየቆራረጥኩ በጎማውና በሻንሲው መካከል እያስገባሁ ስለካው፣ ጎማው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ቢወጣ ይበቃው እንደነበር ተረዳሁ።

ትርፍ የሆነው 18 ሚሊ ሜትር ዝም ብሎ አይቀመጥም። የፊት ጎማ ሲታጠፍ የሚዞረው በራሱ መሃል ላይ አይደለም፤ ከላይና ከታች ባሉት መጋጠሚያዎች መካከል በሚያልፈው የመሪ ዘንግ ዙሪያ ነው። ጎማው ከዚያ ዘንግ በራቀ ቁጥር ሲታጠፍ የሚጠርገው ቅስት ይሰፋል፤ ስለዚህ ሻንሲውን የተገላገለው ጎማ ከፊት የፓራውልቱን ጥግ፣ ከኋላ ደግሞ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ መብላት ጀመረ። ፕላስቲኩን ቆረጥኩ፤ ፓራውልቱንም ከታች አስቆረጥኩ። መሪው ላይም ለውጡ ተሰማኝ፤ አንዱ የፊት ጎማ ድንጋይ ሲመታ ምቱ ከበፊቱ ይልቅ ጠንክሮ እጄ ላይ ይደርስ ነበር፤ ምክንያቱም የመሪ ዘንጉ በሐሳብ ተዘርግቶ መሬት ከሚነካበት ነጥብ እስከ ጎማው መሃል ያለው ርቀት፣ ማለትም ድንጋዩ መሪውን የሚጠመዝዝበት ክንድ፣ 30 ሚሊ ሜትር ረዝሟል።

ታዲያ ለምን 12 ሚሊ ሜትር ስፔሰር አልገዛህም የሚል ይኖራል። ስፔሰር በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንደኛው ጠፍጣፋ ሆኖ በሞዞው ቡሎኖች ላይ የሚሰካ ብቻ ነው፤ የራሱ ቡሎን ስለሌለው ውፍረቱን የሚከፍለው የመኪናው ቡሎን ነው። ዳዶ በአስተማማኝ ሁኔታ እንዲይዝ ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት፤ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት ባለው ቡሎን ላይ ይህ 8 ሙሉ ዙር ማለት ነው። 12 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ 8 ዙር የሚተርፈው ቡሎን ብዙ መኪና ላይ አይገኝም፤ ቡሎኖቹን አውጥቶ በረጃጅም መተካት የግድ ይሆናል። ሁለተኛው ዓይነት የራሱን ቡሎኖች ይዞ የሚመጣው ነው፤ እሱ በመኪናው ዳዶ ቦታ በሚገቡ ዳዶዎች ሞዞው ላይ ይታሰራል፣ ቸርኬው ደግሞ በስፔሰሩ ቡሎኖች ላይ ይታሰራል። የውስጡ ዳዶና የሞዞው ቡሎን ጫፍ በስፔሰሩ ውፍረት ውስጥ መሰወር ስላለባቸው ይህ ዓይነቱ ከ25 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ነገሩ ይጠባል። የሞዞው ቡሎን ጥቂት እንኳ ብቅ ካለ ቸርኬው በስፔሰሩ ፊት ላይ ሳይሆን በቡሎኖቹ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ዳዶው ጠብቋል ብላችሁ የምትነዱት በስድስት የብረት ጫፎች ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስፔሰር የሚመርጥ ሰው ለፊት ጎማ ከሚያስፈልገው በላይ እንዲወጣ በስፔሰሩ አሠራር ይገደዳል።

ቸርኬ ግን በየልኩ ይገኛል። ስፋቱ 8 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ፖዘቲቭ 10 የሆነ ቸርኬ ብወስድ የጎማው መሃል 20 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ የቸርኬው መስፋት ደግሞ ጎማውን በጥቂቱ ይለጥጠዋል። በተለምዶ ቸርኬ በግማሽ ኢንች ሲሰፋ የጎማው ወርድ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚጨምር፣ ከዚያ ግማሹን ከውስጥ በኩል ቀንሼ የማገኘው ክፍተት 17.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያሰላው በቸርኬው ጠርዝ ነው፤ ሻንሲውን የሚነካው ግን የጎማው ትከሻ እንጂ ቸርኬው ስላልሆነ በጎማው ማስላት ይበልጥ ወደ እውነቱ ያቀርባል። በመጨረሻ የገዛሁትም ይህንኑ ቸርኬ ነው፤ የቆረጥኩት ፓራውልት ግን ተመልሶ አልበቀለም።

ስፔሰርን የሚቃወሙ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት ክስ «ስፔሰር ኩሽኔታ ይበላል» የሚል ነው። ክሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ተከሳሹ ተለይቶ መያዙ ትክክል አይደለም። ኩሽኔታው የሚያውቀው የጎማው ክብደት ከእሱ ስንት ሚሊ ሜትር ርቆ እንደሚጫን ብቻ ነው፤ ርቀቱ በስፔሰር ይምጣ በቸርኬ አይለይም። አንድ ጎማ 700 ኪሎ ቢሸከምና 30 ሚሊ ሜትር ቢወጣ ሞዞው ላይ ከ200 ኒውተን ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ተጨማሪ የማጠፍ ኃይል ይመጣል። ፋብሪካው ጭነቱ በውስጠኛውና በውጭኛው ኩሽኔታ መካከል እንዲያርፍ አድርጎ ስለሚሠራው፣ ጎማው ሲወጣ ሸክሙ ወደ ውጭኛው ያደላል። ኮን የሚመስሉ ሮለሮች ያሉት፣ ተፈትቶ ግሪስ የሚቀባና እንደገና የሚጠብቅ ኩሽኔታ ያለው መኪና ባለቤት ይህን በጥገና ሊያቻችለው ይችላል፤ እንደ ጂፕ ራንግለር የፊት ሞዞ ሙሉ በሙሉ የታሸገ ከሆነ ግን ሲያልቅ ሙሉውን መቀየር ነው። እንግዲህ በኩሽኔታ ጉዳይ ስፔሰርን ሰድቦ ኔጌቲቭ 25 ቸርኬ የሚገጥም ሰው ሳይ ፈገግ እላለሁ።

በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ሌላ ነው፤ እሱም የመጋጠሚያዎች ብዛት ነው። ቸርኬ ብቻ ያለው መኪና በእያንዳንዱ ጎማ አንድ መጋጠሚያ አለው። ስፔሰር ያለው ሁለት አለው፤ አንደኛው ደግሞ ቸርኬው ካልወለቀ አይታይም፣ አይነካም። ይህን ለምን በአጽንኦት እንደምጽፍ ልንገራችሁ።

ስፔሰሩ ከገባ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት በኋላ፣ ሞገድ የመሰለ የጠጠር መንገድ ላይ ስነዳ ከኋላ በግራ በኩል ቀስ ያለ መታ መታ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፍጥነት ስቀንስ ድምፁም ይዘገያል፤ ስጨምር ይፈጥናል። ወርጄ የቸርኬውን ዳዶዎች በመፍቻ ፈተሽኩ፤ ስድስቱም ጥብቅ ናቸው። ባሌስትራው ላይ ድንጋይ ተቀርቅሮ ይሆናል ብዬ ታች ገብቼ አየሁ፤ የለም። መጨረሻ ላይ በክሪክ አንስቼ ጎማውን አወለቅኩት። ከውስጥ ካሉት ስድስት ዳዶዎች ሁለቱ በጣቴ የሚዞሩ ነበሩ፤ ሦስተኛው በመፍቻ ሩብ ዙር ገባ። በዳዶዎቹ ዙሪያ ቡናማ ቀይ የዝገት ዱቄት ተረጭቷል፤ ዳዶው የሚቀመጥበት ሾጣጣ ጉድጓድ አንዱ ጎኑ ተበልቶ እንቁላል መስሏል። ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ብነዳ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም።

ጥፋቱ የእኔና ስፔሰሩን የገጠመልኝ ጋራዥ ነበር፤ የስፔሰሩ ጥራት አልነበረም። ከመገጠሙ በፊት እንዳይዝግ ብዬ የሞዞውን ፊት ጥቁር ቀለም አስቀብቼው ነበር። መካኒኩ ዳዶዎቹን በአየር መፍቻ ቆለፋቸው፤ ከዚያ በኋላ እኔም እሱም ደግመን አልፈተሽናቸውም። ብዙ ሰው ቸርኬን የሚሸከሙት ቡሎኖቹ በጎናቸው እንደሆነ ያስባል። ቸርኬን የሚይዘው በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ የቡሎኑ ሥራ እንደ ተወጠረ ጅማት ሁለቱን ፊቶች አጣብቆ መያዝ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን በ110 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ በግምት ከ4 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ይጨምቃል፤ ለዚህ ሁሉ ግን ቡሎኑ የሚለጠጠው ከአንድ ፀጉር ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ነው። እኔ ያስቀባሁት ቀለምም ውፍረቱ ከዚያ የሚተናነስ አልነበረም። ቀለሙ በሙቀትና በንዝረት ሲደቅ መለጠጡ አለቀ፤ መለጠጡ ሲያልቅ ጭመቃው አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ስፔሰሩ ሞዞው ላይ መንሸራተትና ዳዶዎቹን ማላላት ጀመረ።

ከዚያ ቀን በኋላ አሠራሬ ተቀየረ። የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹህ ብረት አጸዳለሁ፤ ታምቡሩን ወይም ዲስኩን በፋብሪካ ለመያዝ በቡሎኑ ላይ የተሰካች ቀጭን የቆርቆሮ ቀለበት ካለች አወጣታለሁ፤ እሷ ብቻዋን ስፔሰሩ ገጥሞ እንዳያርፍ ታደርጋለችና። ግሪስ ቢቀባ በሞዞው መሃል ከንፈር ላይ ስስ ሆኖ ነው፤ ፊቱ ላይና ጥርሱ ላይ ፈጽሞ አይደርስም። ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ፣ ከአንዱ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን እያፈራረቅኩ፣ የመኪናው መመሪያ በሚያዘው ልክ አጠብቃለሁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ቸርኬውን አውልቄ የውስጡን ዳዶ እንደገና እፈትሻለሁ። ይህ የመጨረሻው ነገር አድካሚ ስለሆነ ብዙ ሰው አያደርገውም፤ የስፔሰር መጥፎ ስም በአብዛኛው የመጣውም ከዚህ ይመስለኛል። ሁለት ስፔሰር መደራረብ ደግሞ በምንም ምክንያት አይደረግም።

እስከዚህ የጻፍኩት ለስፔሰር ጨካኝ ያስመስለኛል። ስፔሰር ግን ቸርኬ የማይሰጠው ነገር አለው። የመጀመሪያው የፋብሪካው ቸርኬ መቆየቱ ነው። አሸዋና ጭቃ ላይ የጎማ አየር ዝቅ አድርጎ የሚነዳ ሰው ጠበብ ያለ ቸርኬ ወዳጁ ነው፤ ለ285/70 ጎማ 7.5 ኢንች ከሚፈቀደው ጠባቡ ልክ ሲሆን፣ ጎማው በቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ ስለሚቀመጥ በዝቅተኛ አየር ከጠርዙ የመውለቅ ዝንባሌው ከሰፊ ቸርኬ ያነሰ ነው። ሁለተኛው የመለዋወጫው ጎማ ነገር ነው። ቸርኬ የሚቀይር ሰው አምስት መግዛት አለበት፤ አራት ብቻ ከገዛ ጎማ በፈነዳ ቀን አንዱ ጎን በ20 ሚሊ ሜትር ገብቶ፣ እኔ እንደነበረኝ ጎማ ከሆነም ሻንሲውን እየላሰ ይነዳል። ስፔሰር ላለው ግን ያው የፋብሪካው መለዋወጫ በስፔሰሩ ላይ ይገጥማል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያው ላንድክሩዘር 70 ነው። በ2007 ቪ8 ሞተሩ እንዲገባ የፊት ጎማዎቹ ርቀት ሲሰፋ የኋላዎቹ እንደነበረ ስለቀረ፣ የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ በጠቅላላው 95 ሚሊ ሜትር ጠበው ይሄዳሉ። በአሸዋ ላይ የኋላው ጎማ የፊቱ የረገጠውን ዱካ ትቶ አዲስ ዱካ ለራሱ ስለሚቆፍር ሞተሩ በከንቱ ይደክማል። ይህን በቸርኬ የሚያስተካክል ሰው ለፊትና ለኋላ የተለያየ ኦፍሴት ያለው ቸርኬ ይይዛል፤ መለዋወጫው ለአንዱ ጫፍ ብቻ ይስማማል። በስፔሰር የሚያስተካክለው ግን አምስቱም ጎማዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ዋጋው ደግሞ በጎን ወደ 47 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ወፍራም ስፔሰርና ያለማቋረጥ ክትትል ነው። እኔ ያ መኪና ቢኖረኝ ለረጅም የአሸዋ ጉዞ ስፔሰሩን የምመርጥ ይመስለኛል።

ቸርኬም የራሱ ወጥመድ አለው። የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ አንገት ያለውና በጠፍጣፋ ራንዴላ የሚያርፍ ነው፤ ሌላ ኩባንያ የሠራው ቸርኬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። የድሮውን ዳዶ በአዲሱ ቸርኬ ላይ ያሰረ ሰው ራንዴላው በሾጣጣው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ያልጠበቀ ነገር ጠብቋል ብሎ ይሄዳል። የቸርኬው የመሸከም አቅም በኪሎ የተጻፈ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ በጃፓን መለኪያ ለጭነት መኪና የተፈተነው «ጄ ደብሊው ኤል ቲ»፣ ለቤት መኪና የተፈተነው ያለ «ቲ» ነው። ምልክት የሌለው ርካሽ ቸርኬ ከጥሩ ስፔሰር የባሰ አደጋ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ስፔሰር ሲላላ ቢያንስ ድምፅ ያሰማል።

«ሰፋ ሲል አይገለበጥም» የሚለውን ደግሞ በልኩ መያዝ ይገባል። የጎማዎቹ ርቀት 1,500፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 750 ሚሊ ሜትር የሆነ መኪና፣ የሾክና የጎማ መተጣጠፍ ካልታሰበ፣ በወረቀት ላይ የሚገለበጠው በ45 ዲግሪ ተዳፋት ነው። መኪናውን 50 ሚሊ ሜትር ብናስነሳው ወደ 43.2 ይወርዳል፤ በየጎኑ 30 ሚሊ ሜትር ስናሰፋው ወደ 44.3 ይመለሳል። ማስፋቱ ማስነሳቱ ከወሰደው ከግማሽ ትንሽ በላይ ይመልሳል፤ ለዚህ ብቻ ብሎ ስፔሰር የሚገዛ ሰው አንዲት ዲግሪ ነው የሚገዛው።

ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምሳሌ በጀርመን ስፔሰርም ሆነ ሌላ ልክ ያለው ቸርኬ ማረጋገጫ ወረቀት ከሌለው መኪናው የመንገድ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ከመግዛት በፊት መጠየቅ ከመግዛት በኋላ ከማውለቅ ይረክሳል።

የእኔ ምርጫ ቸርኬ ሆነ፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገኝ ልክ ትንሽ ነበር፣ ጎማውን በየወሩ አውልቄ የውስጥ ዳዶ የምፈትሽ ሰው እንዳልሆንኩም ራሴን አውቀዋለሁ። ስፔሰሮቹ፣ የተበላው ጭምር፣ ሳጥናቸው ውስጥ አሉ። ባለፈው ሳምንት የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ያለው ወዳጄ ሊዋሳቸው መጣ። የእሱም የእኔም ቡሎን ስድስት ነው፤ የቡሎኖቹ ክብ ዲያሜትርም ሁለቱም ላይ 139.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስፔሰሩን ሞዞው ላይ ስንሰካው ያለ ችግር ገባ። «አየህ፣ ለእኔ የተሠራ ነው!» አለኝ። መሃሉን ግን ለካነው፤ የስፔሰሩ ቀዳዳ ለሂሉክስ የተሠራ 106 ሚሊ ሜትር፣ የእሱ ሞዞ መሃል ደግሞ 67 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በዙሪያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። «አንድ ጉዞ ብቻ ነው፣ ዳዶው ራሱ መሃል ያስይዘዋል» ብሎ ለመነኝ። ዱቄት የረጨውን ዳዶና ጉድጓዱ እንቁላል የመሰለውን ስፔሰር ከሳጥኑ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ጥቂት ገላብጦ አየውና ሳጥኑን ራሱ ዘጋው።